ወጊዋን የሚወጋ መርፌ፦ የነርስ ተመራማሪነት ከአልጋ ዳር እስከ ሕግ

በሆስፒታል የጠዋቱ የመድኃኒት ዙር ሲጀመር ነርሷ የምታደርጋቸው ነገሮች ተራ ስለሚመስሉ ልብ የሚላቸው ሰው አይገኝም፤ ጋሪዋን እየገፋች ከአልጋ ወደ አልጋ ትሄዳለች፣ መድኃኒቱን ከብልቃጡ ወደ ሲሪንጁ ትስባለች፣ ሲሪንጁን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ አየሩን ታስወጣለች፣ ክንዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠርጋ ትወጋለች። መርፌው ከታማሚው ሥጋ ወጥቶ ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው ቢጫ የካርቶን ሣጥን ውስጥ እስኪወድቅ ድረስ ያለው ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አይበልጥም፤ ሆኖም በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ከታማሚ ወደ ባለሙያ የሚሻገሩባት ጠባብ በር ይህችው ናት። ሣጥኑ ራቅ ብሎ በዋርዱ ጫፍ የተቀመጠ እንደሆነ፣ አንዱ እጇ ጥጡን ተጭኖ የያዘ እንደሆነ፣ በዚያው ቅጽበት ሌላ ታማሚ የተጣራ ወይም የምትወጋው ሕፃን የተወራጨ እንደሆነ፣ ገጦ የቀረው መርፌ ያሰጋታልና ክዳኑን መልሳ ልትከድነው ትሞክራለች፤ መርፌውም ክዳኑን ይስትና የግራ እጇን ጣት ያገኛል።

ለብዙ ዘመን ለዚህ አደጋ የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነበር፤ ተቻኩላለች፣ አልተጠነቀቀችም፣ የተማረችውን ዘንግታለች ይባልና ጉዳዩ በቁጣ ወይም በምክር ይዘጋል። ማብራሪያው ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጥፋቱን በአንዲት ሠራተኛ ጣት ላይ አሳርፎ የመርፌውን ፋብሪካ፣ የሆስፒታሉን የግዢ ክፍል፣ የተረኛ ድልድሉን ያወጣውን ኃላፊና የማስተማሪያ መጽሐፉን ደራሲ በነፃ ያሰናብታል። ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት በነርሲንግ ሳይንስ፣ በጤና ባለሙያዎች ትምህርትና በሙያ ደህንነትና ጤንነት መካከል የተመላለሱ ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ በአመዛኙ ይህን ፍርድ እንደገና መመርመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእንዲህ ያለው ተመራማሪ የትምህርትና የሥራ ታሪክ በወረቀት ላይ ሲታይ ከሦስት ሰዎች ሕይወት የተለቃቀመ ይመስላል፤ የመጀመሪያው ዲግሪ በነርስነት፣ ሁለተኛው በትምህርት ወይም በኅብረተሰብ ጤና፣ የዶክትሬቱ ጽሑፍ ደግሞ ስለ ጀርባ ሕመም፣ ስለ ሌሊት ሥራ ወይም ስለ መርፌ አደጋ ይሆናል። ሦስቱ የት እንደሚገናኙ ለማየት ከዚያችው መርፌ መነሣት ይበቃል።

ክዳኑ የተመለሰበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1988 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥር በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጃኒን ጃገር ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ጃገር ነርስ አልነበሩም፤ የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ፣ ማለትም በሽታና አደጋ በሕዝብ መካከል በማን ላይ፣ የትና ለምን እንደሚደርስ የሚያጠኑ ሳይንቲስት ናቸው። ጥናቱ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደረሱ 326 የመርፌ መወጋት አደጋዎችን የተከታተለ ሲሆን፣ ብልሃቱ የተወጉትን ሰዎች ብቻ ሳይሆን የወጉትን ዕቃዎችም በየዓይነታቸው መቁጠሩ ላይ ነበር። በደፈናው ሲቆጠር ብዙ ሰው የሚወጋው ተራው ሲሪንጅ ነው፤ ሆስፒታሉ ከገዛው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ግን ዝቅተኛው አደጋ የእርሱ ሆኖ ተገኘ፣ ከተሠራባቸው በኋላ መነቃቀል ያለባቸው ዕቃዎች ደግሞ፣ ለምሳሌ በግሉኮስ ቱቦ ጫፍ የሚገጠሙት መርፌዎች፣ ከእርሱ እስከ አምስት እጥፍ የሚበልጥ አደጋ ያደርሱ እንደነበር ታወቀ።

ከአደጋዎቹ ሲሶው የደረሰው ክዳን ሲመለስ ነው። «ክዳን አትመልሱ» የሚለው መመሪያ በዚያን ጊዜም ቢሆን የታወቀ ነበር። ይሁንና ሠራተኞቹ ለምን እንደመለሱ ሲጠየቁ የሰጡት ምክንያት የመዘንጋት አልነበረም፤ ገጣጣውን መርፌ ይዞ ዕቃውን መፍታት ያስፈራል፣ ብዙ ያልተከደኑ መርፌዎችን ሰብስቦ በአንድ ምልልስ እስከ መጣያው ድረስ መሸከምም እንዲሁ። ክዳን የምትመልሰው ነርስ ከፊቷ የነበሩትን ሁለት አደጋዎች መዝና ያነሰ የመሰላትን መርጣለች ማለት ነው። መመሪያው የጠየቃት አንዱን አደጋ እንድትሸሽ ሲሆን፣ ሌላውን ግን ከነጭራሹ አላየውም ነበር።

> ክዳን የምትመልሰው ነርስ ከፊቷ የነበሩትን ሁለት አደጋዎች መዝና ያነሰ የመሰላትን መርጣለች።

ይህ አመለካከት ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1960ዎቹ ዊልያም ሃደን የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪምና መሰሎቻቸው በመንገድ ደህንነት መስክ ተመሳሳይ ክርክር ገጥመው ነበር፤ አሽከርካሪውን ከመገሠጽ ጎን ለጎን መሪው፣ ዳሽቦርዱና የመቀመጫ ቀበቶው ቢሻሻል ግጭት ቢደርስ እንኳ ሞት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በጤና ሙያ ውስጥ ይኸው አስተሳሰብ ሲገባ መርፌው ራሱ እንደ መኪና ይታይ ጀመር፤ ከተወጋ በኋላ ስለቱ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ በጋሻ የሚሸፈን ወይም ሁለተኛ ጊዜ የማይሠራ ሲሪንጅ እየተሠራ ወጣ። በ2000 መጨረሻ ገደማ በዩናይትድ ስቴትስ የጸደቀው የመርፌ ደህንነት ሕግ ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን እንዲያቀርቡና አደጋዎችን ከነዕቃው ዓይነት እንዲመዘግቡ ያስገደደ ሲሆን፣ ከድንጋጌዎቹ ሁሉ ብዙም ያልተነገረለት ግን ምናልባት ትልቁ፣ ዕቃው በሚመረጥበት ጊዜ የኃላፊነት ቦታ የሌላቸውና በእጃቸው የሚሠሩበት ሠራተኞች እንዲማከሩ የሚያዘው ነው። ከሕጉ በኋላ በነበረው ዓመት በሆስፒታሎች የተመዘገበው አደጋ ከሲሶ በላይ ቀንሷል።

አደጋው ምን ያህል ያሰጋል ለሚለው ጥያቄ ብዙ አንባቢ የሚያስበው ኤችአይቪን ነው። ቫይረሱ ያለበትን ሰው በወጋ መርፌ ተወግቶ የመያዝ ዕድሉ ግን ከ300 አንድ ገደማ ሲሆን፣ ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ላልወሰደ ሰው ከዚህ በብዙ እጥፍ የከፋ ነው፤ በአገራችን የወፍ በሽታ በሚል ጥቅል ስም ከሚጠሩት ሕመሞች አንዱ የሆነው ይህ በሽታ ደግሞ አስተማማኝ ክትባት አለው። ኤችአይቪን በተመለከተ ከተወጉ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት መኖሩም ይታወቃል። መድኃኒቱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ መወጋትን መናገር ያስፈልጋል፤ መናገር ደግሞ መወቀስን የሚያስከትል ከሆነ ብዙዎች ጣታቸውን በሳሙና ታጥበው ዝም ማለትን ይመርጣሉ። የ«አልተጠነቀቀችም» ማብራሪያ ያደረሰው ጉዳት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፤ ወቀሳው አደጋውን ከመቀነስ ይልቅ ከመዝገብ ላይ አጥፍቶታል።

በመምህርነት በር የገባ ሙያ

ነርሶች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ራሳቸው ለመጠየቅና ራሳቸው ለማጥናት የበቁት ዘግይተው ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በሕዝብ ዘንድ የምትታወሰው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል በመዞሯ ቢሆንም፣ ፋኖሱ ከታሪኳ ትንሹ ክፍል ነው። ወታደሮቹን ከጠላት ጥይት ይልቅ በሽታ እየፈጃቸው መሆኑን በ1858 በሠራችው ክብ ሥዕላዊ መግለጫ አስረድታለች፤ በዚያው ጊዜ ገደማ የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆናለች፤ ስለ ሆስፒታሎች በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ በለንደን ሆስፒታሎች የሚያገለግሉት ነርሶች ራሳቸው በምን በሽታ እንደሚሞቱ ቆጥራለች። ስለዚህ የነርስን የሥራ ደህንነት በቁጥር መመርመር የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ የተቋረጠ ጅምር ነው።

የተቋረጠውም የነርሶች ትምህርት በሆስፒታል ሥር ወድቆ ስለቆየ ነው። ተማሪዎቹ እየተማሩ ዋርዱን በነፃ ጉልበታቸው ያንቀሳቅሱ ስለነበር፣ ከታዘዙት ውጪ የሚጠይቅ ተማሪ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ብዙም አይጠቅምም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎችም ነርስነትን እንደ ሳይንስ ለመቀበል አልፈቀዱም፤ ይሁን እንጂ የነርሶችን መምህራን ማሠልጠን የሚቃወሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። አደሌድ ናቲንግ በ1907 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ በዓለም የመጀመሪያዋ የነርሲንግ ፕሮፌሰር የሆኑት በዚህ ጎን በር ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ነርሶች የከፍተኛ ትምህርት ዲግሪያቸውን የያዙት በትምህርት መስክ ወይም እንደ ሶሺዮሎጂ ባሉ ጎረቤት ሳይንሶች ስለነበር፣ በነርስ ምሁራን የሕይወት ታሪክ ላይ ትምህርትና ነርስነት ተጣምረው የሚታዩት ከግል ዝንባሌ ይልቅ ከዚህ ታሪክ የተነሣ ነው። ለሙያው ምርምር ብቻ የቆመው «ነርሲንግ ሪሰርች» የተባለው መጽሔት የተመሠረተው በ1952 ሲሆን፣ የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለነርሲንግ ምርምር የራሱን ማዕከል የሰጡት ገና በ1986 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምፀት አለ። በ1976 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የተጀመረው የነርሶች ጤና ጥናት ከ120000 በላይ ነርሶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ሲሆን፣ ነርሶቹ የተመረጡት ስለ ጤናቸው የሚጠየቁትን በሚገባ ተረድተው በትክክል ስለሚመልሱ ነበር። ጥናቱ ስለ ልብ በሽታ፣ ስለ ጡት ካንሰርና ስለ አመጋገብ ለዓለም ብዙ አስተምሯል፤ እየተፈራረቀ የሚመጣ የሌሊት ሥራ ከጡት ካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና በተመለከተ ክርክሩን ካቀጣጠሉት መረጃዎችም አንዱ ከእርሱ የወጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2007 የእንቅልፍን ሥርዓት የሚያዛባውን የፈረቃ ሥራ «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ማስረጃው ዛሬም አንድ ወጥ አይደለም። የሆነ ሆኖ ነርሶች ጥያቄውን ከመጻፋቸው በፊት ለሌላው ሰው ጥያቄ ታማኝ መላሾች ሆነው ሳይንስን አገልግለዋል።

የጀርባ ሒሳብ

ትምህርትና የሥራ ደህንነት ፊት ለፊት የተጋጩበት ቦታ ቢፈለግ ከታማሚ ማንሣት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የነርሲንግ ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት ከምትማራቸው ነገሮች አንዱ ቦዲ ሜካኒክስ የሚባለው፣ ማለትም ሸክም በሚነሣበት ጊዜ ሰውነትን በትክክል የመያዝ ዘዴ ነው፤ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጀርባ ቀጥ ይላል፣ ሸክሙ ወደ ደረት ይጠጋል፣ ኃይሉ ከጭን ይመነጫል። ትምህርቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ፣ በፈተና የሚጠየቅና በልምምድ ክፍል በአሻንጉሊት ታማሚ ላይ የሚታይ ነው። አሻንጉሊቱ ቀላል ነው፤ ላብ አያልበውም፣ አይንሸራተትም፣ መሃል ላይ ፈርቶ የነርሷን አንገት አይጨብጥም።

ዘዴው የተወሰደው በፋብሪካና በመጋዘን ሣጥን ከሚያነሡ ሠራተኞች ጥናት ነው። ሣጥን እጀታ አለው፣ ክብደቱ በላዩ ይጻፋል፣ መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ጉልበትን አጥፎ ሊደርሱበት ይቻላል። ታማሚ ግን በአልጋ መሃል የተኛ ስለሆነ ነርሷ ጉልበቷን ብታጥፍ የምታገኘው የአልጋውን ብረት ነው፤ ስለዚህ ወገቧን አጎንብሳ፣ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ፣ ብዙ ጊዜም ወደ አንድ ጎን ተጠማዛ ታነሣለች። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዊልያም ማራስ የተመራ ቡድን በ1999 ባወጣው ጥናት እንዲህ ባለው ጊዜ በታችኛው የጀርባ አጥንት ላይ የሚያርፈውን ጫና በመሣሪያ ለክቶ፣ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው እንኳ ቢያነሡ ጫናው አደጋ ከሚያስከትልበት ወሰን እንደሚያልፍ አሳየ። ከዚያም በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ቶማስ ዋተርስ፣ ነርስ በእጇ ልታነሣው የሚገባው የታማሚ ክብደት በተመቸ ሁኔታ እንኳ ከ16 ኪሎ እንዳይበልጥ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የአንድ ጎልማሳ ሰው አንድ እግር ብቻውን ከ10 ኪሎ ሊበልጥ እንደሚችል ማስታወስ ይበቃል፤ በሌላ አነጋገር ታማሚን በእጅ የማንሣት ትክክለኛ ዘዴ የለም ወደሚለው መደምደሚያ የሚያደርስ ቁጥር ነው።

> አሻንጉሊቱ ቀላል ነው፤ ላብ አያልበውም፣ አይንሸራተትም፣ መሃል ላይ ፈርቶ የነርሷን አንገት አይጨብጥም።

ነርሷ ተመራማሪ ኦድሪ ኔልሰን በፍሎሪዳ ታምፓ ለቀድሞ ወታደሮች በተቋቋመው ሆስፒታል ያደረጉት አስተዋጽኦ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ችግሩን የነርሷ ጡንቻ ጉዳይ አድርገው ከማየት ይልቅ ሥራውን በዝርዝር ፈታተው፣ የትኛው ታማሚ በየትኛው መሣሪያ መነሣት እንዳለበት የሚወስን መመዘኛ፣ የጣሪያ ማንሻና ተንሸራታች አንሶላ፣ በየዋርዱ ባልደረቦቹን የሚያሠለጥን ሠራተኛ ያካተተ አሠራር አዘጋጁ። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር በ2003 በዚሁ መንገድ ዘመቻ ጀመረ፤ ቴክሳስ በ2005 የመጀመሪያውን የክፍለ ሀገር ሕግ አወጣች።

ከሁሉ ያስቸገረው ትምህርት ቤቱ ነበር። ማንሻ የገጠመ ሆስፒታል ውስጥ የተመደቡ አዲስ ምሩቃን በእጅ ማንሣትን የተማሩና በእርሱም ተፈትነው ያለፉ ሆነው ይመጡ ስለነበር፣ አዲሱ አሠራር በየዓመቱ ከአሮጌው ትምህርት ጋር ይጋጫል። አንዳንድ መምህራን የሚያቀርቡት መከራከሪያ መጽሐፉ አልተለወጠም የሚል ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ ማንሻ የሌለው ቦታ የሚመደብ ተማሪ ምን ይሁን ብለው ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ የመጀመሪያው ግን መጽሐፉን የሚጽፉትም መምህራን መሆናቸውን የዘነጋ ነው። በ2009 የሙያ ደህንነቱ ተቋም፣ የነርሶች ማኅበሩና የቀድሞ ወታደሮች የጤና አስተዳደር በጋራ ለነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ሥርዓተ ትምህርት አሳትመዋል። የሥራ ደህንነት ተመራማሪ ከላቦራቶሪ ወጥቶ የሥርዓተ ትምህርት ጸሐፊ የሚሆነው በዚህ ዓይነት አጋጣሚ ነው።

አንድ ነርስ ለስንት ታማሚ?

ሊንዳ ኤይከን በነርስነት ሠልጥነው በሶሺዮሎጂ ዶክትሬት የያዙና በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ምሁር ናቸው። በ2002 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት በ168 የፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ታማሚዎችን መዝገብ ከነርሶች መጠይቅ ጋር አገናኝቶ፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር ታማሚዎች በ30 ቀናት ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ፣ ነርሷ በሥራ የመዛሏ ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳየ። በዚያው ዓመት ሾን ክላርክ ከእርሳቸው ጋር ሆነው ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ሠራተኛ ባነሰበትና አደረጃጀቱ በተዛባበት ክፍል የሚሠሩ ነርሶች በተሻለ ሁኔታ ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በመርፌ የመወጋታቸው ወይም ለጥቂት የመትረፋቸው ነገር እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለቱ ውጤቶች አብረው ሲነበቡ የታማሚ ደህንነትና የሠራተኛ ደህንነት ተብለው በተለያዩ ቢሮዎች የሚያዙት ጉዳዮች በአንድ የተረኛ ሰንጠረዥ ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸው ይታያል። እርግጥ እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ ምክንያትን በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ነርስ የሚያንሳቸው ሆስፒታሎች በሌላም ነገር ደካማ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተመራማሪዎቹ የሆስፒታሉን መጠን፣ ቴክኖሎጂውንና የታማሚዎቹን የሕመም ክብደት በስሌቱ ውስጥ አስገብተዋል። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ዛሬም ይህንኑ ክፍተት ያነሣሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ደግሞ ቁጥሩን እንደ ባንዲራ ይዘውት ይወጣሉ፤ ተመራማሪው በሁለቱ መካከል ቆሞ ቁጥሩ የሚለውንና የማይለውን መናገር ይጠበቅበታል። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ኤይከን ጥናታቸውን ከማውጣታቸው በፊት፣ በ1999፣ ለአንድ ነርስ የሚደርሰውን የታማሚ ቁጥር የሚገድብ ሕግ አጽድቀው ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነው።

ባለሙያ ሆኖ ጀማሪ መሆን

ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃዎችን እንደምታልፍ አስረድተዋል፤ ሐሳቡን የወሰዱት የአውሮፕላን አብራሪዎችንና የቼዝ ተጫዋቾችን ክህሎት ካጠኑት ከድራይፈስ ወንድማማቾች ነው። ጀማሪዋ በደንብና በዝርዝር ትሠራለች፤ ሊቋ ግን ታማሚውን ከበር ሆና አይታ አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ታውቃለች፣ ለምን ቢሏት ግን ወዲያው አትመልስም። ወደ ምርምር የምትገባ ነርስ ዕጣዋ ከዚህ አንጻር አስቸጋሪ ነው፤ በዋርዱ የደረሰችበትን የላይኛውን እርከን ትታ በስታቲስቲክስና በጽሑፍ ሥራ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያም ያለ ምክንያት ታውቀው የነበረውን በማስረጃ እንድታሳይ ትጠየቃለች።

የምርምሩ ሂደት ረጅም ነው። ጥያቄው በፕሮፖዛል ይጻፋል፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተሳታፊዎች መብት መጠበቁን ይመረምራል፤ ናሙና፣ ማለትም ብዙኃኑን የሚወክል የሰዎች ስብስብ፣ ይመረጣል፤ መረጃው ተሰብስቦ ይተነተናል፤ ጽሑፉ ለመጽሔት ሲላክ በዚያው መስክ ያሉ ሌሎች ሊቃውንት ስማቸው ሳይገለጽ ያብጠለጥሉታል፤ ይህም የአቻ ግምገማ ይባላል። የሥራ ደህንነትን የሚያጠና ሰው በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ጥናቱን የሚፈቅደው አካል ብዙውን ጊዜ የሚጠናው ቦታ ኃላፊ ነው። ከአስታማሚ ወይም ከታማሚ ስድብና ዱላ ደርሶባት እንደሆነ የምትጠየቅ ነርስ መልሷ አለቃዋ ጋር እንደማይደርስ ካላመነች እውነቱን አትናገርም፣ ስለዚህ የስም ምስጢራዊነት የጥናቱ ትክክለኛነት መሠረት ይሆናል።

ነባር ነርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደችውን ባልደረባቸውን በሁለት ልብ ያዩዋታል፤ ከፊሎቹ ከዋርድ አመለጠች ይላሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ እኛ የምናውቀውን የሚሰማ ሰው የተገኘው እርሷ ስትጽፈው ነው ይላሉ። ወጣት መምህራን ዕድገት በጽሑፍ ብዛት መለካቱ ያስመርራቸዋል፤ ጠቃሚውን ረጅም ጥናት ትተው ቶሎ የሚያልቀውን እንዲመርጡ ይገፋፋቸዋልና።

«ሲስተር» እና «ዶክተር»

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የነርስ ሥልጠና የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ደግሞ ጤና መኮንንን፣ ኮሚኒቲ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድ ግቢ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር በማሰማራቱ፣ ከሆስፒታል ግድግዳ ውጪ የሚያስብ ነርስ የማፍራት ዕድል ሰጥቷል። በሕዝቡ አንደበት ግን ሴት ነርስ ሁልጊዜ «ሲስተር» ናት፤ ዶክትሬት ይዛ «ዶክተር» የተባለች እንደሆነ ሐኪም አለመሆኗን፣ ሆኖም ማዕረጉ የእርሷም መሆኑን በየደረሰችበት ማስረዳት ይኖርባታል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነርስነት የራሱ ሳይንስ ያለው መሆኑን ሕዝቡ ገና እንዳልለመደው ግን ይናገራል።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ መርፌ አደጋ፣ ስለ ጀርባ ሕመምና በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃት ብዙ ጥናቶች ተሠርተዋል። የአብዛኞቹ ቅርጽ ይመሳሰላል፤ በአንድ ዞን ያሉ የጤና ባለሙያዎች አንድ ጊዜ መጠይቅ ይሞላሉ፣ ተወግተው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ፣ የተወጉት ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይወጣል፣ መደምደሚያው ላይም ሥልጠና እንዲሰጥ ይመከራል። እንዲህ ያለው ሥራ ችግሩ መኖሩን ማሳየቱ አይካድም፤ ይሁንና ችግሩ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል፣ «ሥልጠና ይሰጥ» የሚለው ምክርም በትሕትና የተነገረ «አልተጠነቀቀችም» ነው። የወጋው ዕቃ ምን ነበር፣ ሣጥኑ የት ነበር፣ በዚያ ሌሊት ስንት ታማሚ ለስንት ነርስ ነበር የሚሉትን የሚያነሣ ጥናት ከእነዚህ መካከል ብርቅ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

በውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያንም ከጉዳዩ የራቁ አይደሉም። በዋሽንግተንና በአካባቢው አረጋውያንን በቤታቸው እየተንከባከቡ የሚኖሩ ብዙ ሴቶች የሚሠሩት ማንሻ በሌለበት መኝታ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው፤ በአሜሪካ የነርስ ረዳቶች የጀርባና የትከሻ ጉዳት በብዛት ከሚደርስባቸው ሠራተኞች ተርታ ናቸው። በገልፍ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት የምታገላብጥ ወጣት ደግሞ ሥራዋ በውሏ ላይ እንኳ በስሙ አይጠራም።

በአገር ቤት ዋርድ ውስጥ ታማሚ የሚነሣው በብዛት በአስታማሚ ነው። ከቃሬዛ ወደ አልጋ የሚዘዋወር ጎልማሳ በተኛበት ብርድ ልብስ ወይም በጋቢው አራት ማዕዘን ይያዛል፤ በእግሩ በኩል ልጁና የጎረቤቱ ሰው፣ በራሱ በኩል ወንድሙና ተረኛዋ ነርስ ይቆማሉ፣ እርሷ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ትቆጥርና አራቱም በአንድ ጊዜ አጎንብሰው ያነሣሉ። ጨርቁ ከተሳበ በኋላ ነርሷ ግሉኮሱን አስተካክላ ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች፤ አስታማሚዎቹ ወገባቸውን እያሹ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። በዋርዱ ጠረጴዛ ላይ ያለው የአደጋ መዝገብ፣ ካለ፣ ለመርፌ የተሰመረ ዓምድ አለው።